ከመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ኃይል መመለስ፦ ከባሕር ዳር የጄኔሬተር ክፍል እስከ ሪአክተር

መሬት ተንቀጥቅጦ መብራት ሲጠፋ የቴክኒሻን እጅ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ዋናው ብሬከር ነው። አለቃ ቆሞ ይጠይቃል፣ ስልክ ይጮኻል፣ ሁሉም «መቼ ነው የሚመጣው?» ይላል። መንቀጥቀጡ ያላቃጠለውን ትራንስፎርመር ተቸኩሎ የተመለሰ ኃይል የሚያቃጥለው በዚህች ሰዓት ነው። ይህ መመሪያ የራሱ ትራንስፎርመርና ጄኔሬተር ላለው ድርጅት የተጻፈ ነው፤ ለሆስፒታል፣ ለውኃ ፓምፕ ጣቢያ፣ ለሆቴል፣ ለፋብሪካ። መጨረሻ ላይ ስለ ኑክሌር ሪአክተር የተጨመረው ለጌጥ አይደለም። የትኛው ጭነት መቼ ኃይል ማግኘት እንዳለበት ከሪአክተር በላይ ጥርት አድርጎ የሚያሳይ ነገር የለም።

መንቀጥቀጥ የሚበዛው በአፋርና በስምጥ ሸለቆ ነው። በ1953 ዓ.ም. በካራቆሬ አካባቢ የደረሰው ማጀቴን አፍርሷል፤ ከ2017 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ ደግሞ ፈንታሌና አዋሽ ለወራት ሲናወጡ ከርመዋል። ባሕር ዳር ከዚያ ራቅ ትላለች፤ መረቡ ግን አንድ ነው። ሩቅ ያለ ትልቅ መስመር ወይም ማከፋፈያ ጣቢያ በድንገት ሲወጣ ፍሪኩዌንሲው ይናጋል፣ ጣና ዳር ያለው አምፖልም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ከዚህ በታች ካለው ግማሹ፣ የእናንተ ግድግዳ ባይነቃነቅም፣ ይሠራል።

የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት

ሰው ሁሉ ከሕንፃ ይውጣ፤ ጄኔሬተር ክፍል ያለውም ጭምር። የተሰነጠቀውን ግድግዳና የላላውን የባትሪ መደርደሪያ ብዙ ጊዜ የሚጥሉት ተከታዮቹ ንዝረቶች ናቸው። ረገብ ሲል ሁለት ሰው ይገባል፦ አንዱ የሚሠራ፣ አንዱ በር ላይ ቆሞ የሚያይ። የጎማ ሶል ያለው ጫማ፣ የእጅ ባትሪና ቴስተር ይዛችሁ ግቡ። በወጥ ቤት በኩል የጋዝ ሽታ ካለ ምንም ማብሪያ አይነካ፤ ማጥፋትም እንደ ማብራት ብልጭታ አለው።

ግቢ ውስጥ የወደቀ ሽቦ ካለ 10 ሜትር ራቁ። ማከፋፈያ መስመሩ 15 ሺህ ቮልት ነው። ሽቦው ጸጥ ብሎ መጋደሙ ሞቷል ማለት አይደለም፤ ደረቅ መሬት ወይም አስፋልት ላይ የወደቀን ሽቦ የመስመሩ መከላከያ ላያየው ይችላል፣ አንዴ ጠፍቶም መልሶ ሊመጣ ይችላል። ሳታውቁ ከቀረባችሁ እግራችሁን አገጣጥማችሁ፣ ከመሬት ሳታነሡ እየጎተታችሁ ውጡ። ሰፋ አድርጎ የሚራመድ ሰው በሁለት እግሩ መካከል የቮልቴጅ ልዩነት ይፈጥራል፤ ገዳዩ እሱ ነው። ደንገል ውስጥ ወይም ረግረግ ላይ የወደቀን ሽቦ ለማየት ማንም አይግባ።

ከዚያ ብሬከሮቹ ወዳሉበት ማከፋፈያ ቦርድ። መጀመሪያ ቅርንጫፍ ብሬከሮችን፣ በመጨረሻ ዋናውን አውርዱ። ቅርንጫፎቹ ሳይወርዱ ከቀሩ ኃይል ሲመለስ ሁሉም ሞተር ባንድ ጊዜ ይነሣል፤ ሞተር ሲነሣ ደግሞ በመደበኛ ሥራው ከሚስበው ከአምስት እስከ ሰባት እጥፍ ይስባል። ጄኔሬተሩ በራሱ ተነሥቶ ከሆነ፣ ጭስ፣ የናፍጣ መፍሰስ ወይም ውኃ እስካላያችሁ ድረስ አታጥፉት። ከሦስቱ አንዱ ካለ ቀዩን ቁልፍ ተጫኑ፤ መምረጫውንም ከ«አውቶ» አውጡ፣ አለበለዚያ ሰው እጁን ባስገባበት ሰዓት ይነሣል።

ባትሪው ስንት ሰዓት አለው?

ይህን ጥያቄ ከጄኔሬተሩ በፊት መልሱ። ብዙ ቤት የሚገኘውን እንውሰድ፦ አራት ባለ 12 ቮልት፣ 200 አምፔር ሰዓት ባትሪዎች ተከታትለው ተያይዘው 48 ቮልት ይሰጣሉ። 48 ሲባዛ በ200፣ 9,600 ዋት ሰዓት ይሆናል። የአሲድ ባትሪን ከግማሹ በታች ማውረድ መግደል ነውና 4,800 ያዙ። የባትሪውን ኃይል ለመሣሪያ ወደሚሆን የመብራት ኃይል የሚለውጠው ኢንቨርተር 15 በመቶ ገደማ ይበላል፤ 4,100 አካባቢ ይቀራል። የተሰካው 700 ዋት ከሆነ ስድስት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ወደ 250 ዋት ብታወርዱት ከ16 ሰዓት በላይ ያስኬዳል። አንድ ባትሪ ሳትገዙ አሥር ሰዓት አገኛችሁ ማለት ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ውስጥ የማያስፈልገውን ንቀሉ፦ ማተሚያ፣ ቴሌቪዥን፣ የኮሪደር መብራት፣ የውኃ ማሞቂያ። የመገናኛ ሬዲዮ፣ የሕሙማን መሣሪያ፣ የመለኪያና የመከላከያ ሪሌዎች (ችግር ሲያዩ መስመሩን የሚያጠፉት) መስመር ላይ ይቆዩ። የክትባት ፍሪጅ ካልተከፈተ ለሰዓታት ቅዝቃዜውን ስለሚይዝ ተራውን ይጠብቅ። የጄኔሬተሩን ማስነሻ ባትሪ ግን ለአምፖል ብሎ የሚነካ ሰው አይኑር። ሥራ ላይ ያልሆነ ጤነኛ ባትሪ 12.7 ቮልት ያሳያል፤ 12.2 ሲሆን ግማሹ አልቋል፤ ከ11.8 በታች ባዶ በሉት። ያጋደለ ወይም የተሰነጠቀ ባትሪ ካለ ክፍሉን አናፍሱ፤ የፈሰሰው አሲድ ላይ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሱ።

ጃፓን ባለው የፉኩሺማ ዳይቺ የኑክሌር ማመንጫ ላይ መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም. የሆነው የባትሪን ክብር ያሳያል። በ9.0 መጠን መሬት ሲናወጥ የሚሠሩት ሦስቱ ሪአክተሮች በራሳቸው ጠፉ፤ የውጭው መስመር ተቋረጠ፤ የናፍጣ ጄኔሬተሮቹም በወጉ ተነሡ። ከሰዓት ላነሰ ጊዜ ሁሉ ነገር እንደታቀደው ነበር። ከዚያ የመጣው የባሕር ማዕበል ጄኔሬተሮቹንና የኤሌክትሪክ ቦርዶቹን አጥለቀለቀ፤ በሪአክተር ቁጥር 1 እና በቁጥር 2 ባትሪዎቹም አብረው ሄዱ። የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ሠራተኞች ሪአክተሩ ውስጥ ውኃው የት እንደደረሰ ማየት አልቻሉም። ከመኪና ባትሪ እየነቀሉ በእጅ ባትሪ ብርሃን ከመለኪያዎቹ ጀርባ አገናኙ። የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ለመክፈት ደግሞ አሥር ባለ 12 ቮልት የመኪና ባትሪ አከታትለው 120 ቮልት ሠሩ።

ጄኔሬተሩ

መጀመሪያ የቆመበት ቦታ። የፉኩሺማዎቹ አብዛኞቹ ምድር ቤት ነበሩ። ሪአክተር ቁጥር 5 እና 6ን ያተረፈው ከፍ ባለ ቦታ በተለየ ሕንፃ የነበረ፣ በውኃ ሳይሆን በአየር የሚቀዘቅዝ አንድ ጄኔሬተር ነው። ጣና ባሕር አይደለም፤ ጥልቀቱም ከ15 ሜትር አያልፍም። ቢሆንም በመንቀጥቀጥ ጊዜ እንደ ገበቴ ውኃ ሊወዛወዝ ይችላል፣ ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ ሐይቁ በዓመቱ ከፍተኛው ከፍታ ላይ ነው። ሐይቁ ዳር ያለ ድርጅት ጄኔሬተሩንም፣ ቦርዱንም፣ የናፍጣ ፓምፑንም ውኃ ደርሶበት ከሚታወቀው ምልክት ቢያንስ አንድ ሜትር ከፍ ያድርግ። ጄኔሬተሩን ሰገነት ላይ ሰቅሎ ቦርዱን ምድር ቤት መተው ብዙ ቦታ ይታያል፤ ምንም ያልተሠራ ያህል ነው።

ከመንቀጥቀጥ በኋላ ሳታስነሡ በፊት በዚህ ቅደም ተከተል እዩ፦

1. የመሠረት ቡሎኖችና ከሥር ያሉት የንዝረት ጎማዎች። ጄኔሬተሩ ጎማ ላይ ስለተቀመጠ ይወዛወዛል፤ ግድግዳ ላይ የታሰረው ቱቦ ግን አይወዛወዝም። የሚቀደደው መገናኛው ላይ ነው። የናፍጣውን ጎማ፣ የራዲያተሩን ጎማ፣ ወደ ማርሚታው (የጭስ መውጫው) የሚሄደውን ተጣጣፊ ቱቦ በእጃችሁ ዳስሱ። ማርሚታው ከተቀደደ ክፍሉ በማይሸት ጋዝ ይሞላል፤ ሰው ይሞታል።

2. ናፍጣው። መንቀጥቀጥ የታንከሩን ዝቃጭና ውኃ ከሥር ያነሣዋል። ከታች ባለው ማፍሰሻ አንድ ሊትር ያህል በጠርሙስ ቅዱና አሥር ደቂቃ አቁሙት፤ ውኃው ከሥር ይለያል፣ ናፍጣው ከላይ ይጠራል። ውኃ እስኪያልቅ ደጋግሙ። ተነሥቶ ከሃያ ደቂቃ በኋላ የሚሞት ጄኔሬተር ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው፤ ፊልተሩ ታፍኗል። ሁለት መለዋወጫ ፊልተር ክፍሉ ውስጥ ይኑር።

3. የራዲያተሩ ክዳን። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ናት፤ ውኃ በ94 ዲግሪ ይፈላል። ግፊት የማይዝ ክዳን ዝቅ ባለ አገር ይታለፍ ይሆናል፣ እዚህ ግን ሞተሩ ገና መደበኛ ሙቀቱ ላይ እያለ ውኃውን ያፈላዋል።

4. የሞተር ዘይት፣ ቺንጋ፣ ከዚያ ሞተሩን በቁልፍ ሁለት ዙር በእጅ ማዞር። የሚያግደው ነገር ካለ በማስነሻ አታስገድዱት።

5. የአልተርኔተሩ (ኤሌክትሪኩን የሚያመነጨው ክፍል) ኢንሱሌሽን፣ ማለትም የሽቦዎቹ መከለያ። የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ ካርዱን ንቀሉ፣ የኒውትራሉን ማያያዣ አንሡ፣ በ500 ቮልት ሜገር (የኢንሱሌሽን መለኪያ) ለኩ። ከ1 ሜጋ ኦም በታች ከሆነ እርጥበት ገብቶታልና ኃይል እንዲሰጥ አይደረግ፤ በማሞቂያ ደርቆ እንደገና ይለካ። ካርዱን ሳይነቅል ሜገር ያደረገ ሰው ካርድ ይገዛል።

6. ያለ ጭነት አምስት ደቂቃ፦ 1,500 ዙር፣ 50 ኸርዝ። ከዚያ አንድ በአንድ ጫኑ፣ ትልቁን ሞተር አስቀድሙ። ለረጅም ጊዜ ከ30 በመቶ በታች ጭኖ ማቆየትም ጥሩ አይደለም፤ ያልተቃጠለ ናፍጣ ማርሚታው ውስጥ ይጠራቀማል።

ከፍታው አቅምም ይቀንሳል። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ሦስት በመቶ ገደማ ያጣልና 100 ኬቪኤ የተጻፈበትን እንደ 82 ቁጠሩት፤ ተርቦ ያለው የሚያጣው ያነሰ ነው። ነዳጁን እንዲህ አስሉ፦ 40 ኪሎ ዋት የሚጭን ቤት በኪሎ ዋት ሰዓት 0.3 ሊትር ብንይዝ በሰዓት 12 ሊትር ይፈልጋል። አንድ በርሜል 16 ሰዓት። ለሦስት ቀን አራት በርሜል ተኩል። የአገራችን ናፍጣ ከጅቡቲ በመንገድ ይመጣል፤ መንገዱ የሚያልፈው ደግሞ መንቀጥቀጥ በሚበዛበት አገር ነው። ሦስት ቀን ብዙ አይደለም።

ወደ ኋላ የሚሄድ ኃይል

ከጄኔሬተርና ከመረቡ አንዱ ብቻ እንዲገናኝ የሚያደርግ፣ በሜካኒክ የተቆላለፈ ቼንጅ ኦቨር ከሌላችሁ ጄኔሬተሩን አታስነሡ። በሁለት ጫፉ ወንድ መሰኪያ ያለው ገመድ ግድግዳ ሶኬት ላይ ሰክቶ ቤት ማብራትን «ዘዴ» የሚሉ አሉ። የጄኔሬተራችሁ 400 ቮልት በትራንስፎርመሩ ወደ ኋላ ሲያልፍ 37.5 ጊዜ ተባዝቶ 15 ሺህ ይሆናል። መስመር ሠራተኛው ከምሰሶው ላይ «ጠፍቷል» ብሎ የያዘው ሽቦ ላይ ማለት ነው። ዋናውን ብሬከር አውርዳችሁ በቁልፍ ቆልፉ፤ ቁልፉ በሚሠራው ሰው ኪስ ይሁን፣ ስሙና ሰዓቱ የተጻፈበት ወረቀት ይንጠልጠል።

ትራንስፎርመር፣ ስኒ፣ ገመድ

ከመሬት ሆናችሁ በመነጽር እዩ። በሁለት ምሰሶ መካከል የተቀመጠ ትራንስፎርመር በቡሎን ካልታሰረ ይንሸራተታል፤ ከሱ ጋር በአጭር ሽቦ ተወጥሮ የተያያዘውን የሸክላ ስኒ (ሽቦውን ከብረቱ የሚለየውን) ይሰብራል። የጃፓኗ ኮቤ በ1995 እ.ኤ.አ. በተናወጠች ጊዜም፣ የአሜሪካዋ ኖርዝሪጅ ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ በዚያው በጃንዋሪ 17 በተናወጠች ጊዜም፣ በማከፋፈያ ጣቢያዎች የተሰባበረው በዋናነት ሸክላ ነበር። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ ትራንስፎርመሩን እሰሩት፣ ሽቦውን ግን ላላ አድርጋችሁ ተዉት።

የዘይት መፍሰስ፣ የተሰነጠቀ ስኒ፣ የተበጠሰ የመሬት ሽቦ፣ ያጋደለ ምሰሶ ካያችሁ የመስመሩን ፊውዝ የሚያወርደው የመብራት አገልግሎት ሠራተኛ ነው፤ ትራንስፎርመሩ የእናንተ ንብረት ቢሆንም። ከወረደና ሽቦዎቹ ከመሬት ጋር ከተያያዙ በኋላ ሜገር ይደረጋል፦ ከፍተኛው ቮልቴጅ ከመሬት፣ ከፍተኛው ከዝቅተኛው በ5 ሺህ ቮልት፤ ዝቅተኛው ከመሬት በ1 ሺህ፤ እያንዳንዱ አንድ ደቂቃ። ጤነኛ ትራንስፎርመር በከፍተኛው በኩል በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋ ኦም ይሰጣል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ከበፊቱ ልኬት ጋር ማነጻጸር ነው። ዘይቱ 10 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ንባቡ በግማሽ ስለሚወርድ ሙቀቱን አብራችሁ መዝግቡ። በትልልቆቹ ላይ ያለው፣ ዘይቱ ውስጥ ጋዝ ወይም ግፊት ሲያይ የሚያጠፋው ቡኾልዝ የሚባለው ሪሌ ዘይቱ ስለተናወጠ ብቻ ሊያጠፋ ይችላል። ይህ እውነት ነው፤ ግን ያለ ልኬት መልሶ ኃይል ለመስጠት ምክንያት አይሆንም።

ጥቁሩ አፈር የራሱ ጣጣ አለው። በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፣ በመሃሉ የተቀበረውን ገመድ ይጎትታል። መንቀጥቀጥ ሲጨመርበት ገመዱ የሚለቀው መሃል ላይ ሳይሆን መገጣጠሚያውና ቦርዱ ውስጥ የገባበት ቦታ ላይ ነው። ቦርዱን ከፍታችሁ የገመዱ ጫፍ መወጠሩን እዩ። የመሬት ዘንጉንም ለኩ፤ ከ5 ኦም በላይ ከሆነ አንድ ቦታ ተበጥሷል ወይም ዘንጉ ከአፈሩ ተላቋል።

መብራት ሲመለስ

መረቡን እንደገና ለማስነሣት ውኃ ይቀላል። የውኃ ተርባይን ለመነሣት የሚፈልገው ኃይል ጥቂት ነው፤ ለበሩ፣ ለመቆጣጠሪያውና ለማግኔቱ የሚሆን። ከጣና ውኃ በዋሻ የሚወስደው ጣና በለስ አራት ተርባይኖች አሉት፣ ተደምረው 460 ሜጋ ዋት። ችግሩ ከማመንጫው ሲወጡ ይመጣል፤ ጭነት የሌለው ረጅም የ400 ኪሎ ቮልት መስመር ቮልቴጁን ራሱ ከፍ ያደርገዋል፣ ስለዚህ ከተማ በከተማ ጥቂት ጥቂት እየተጫነ ነው የሚኬደው። ለእናንተ ትርጉሙ፦ መጀመሪያ የመጣው መብራት ከፍ ዝቅ ይላል፣ ሊሄድም ይችላል። ሩብ ሰዓት ጠብቁ።

ከዚያ ዋናው ብሬከር ሳይበራ ከላይኛው ጫፉ ላይ ለኩ። ፌዝ ከፌዝ 380 አካባቢ፣ እያንዳንዱ ፌዝ ከኒውትራል 220 አካባቢ። አንዱ ፌዝ 150፣ ሌላው 290 ካሳየ ኒውትራሉ ተበጥሷል፤ ብታበሩት ያለው ፍሪጅና ኮምፒውተር ሁሉ ይቃጠላል። ቀጥሎ የፌዝ ቅደም ተከተል። መስመር ሠራተኞች የተበጠሰ ሦስት ሽቦ በችኮላ ሲያገናኙ ሁለቱ ቦታ ተቀያይረው ሊገናኙ ይችላሉ። አምፖሉ ይበራል፣ ቮልቴጁ ትክክል ነው፣ ሞተሩ ግን ወደ ኋላ ይዞራል። ወደ ኋላ የሚዞር ፓምፕ ይጮኻል፣ ውኃ ግን በወጉ አይገፋም። የቅደም ተከተል መለኪያ ከሌላችሁ ለአንድ ሰከንድ ብቻ አስነሥታችሁ ቀስቱን እዩ።

ሪአክተር ሲሆን

ኢትዮጵያ የኑክሌር ማመንጫ የላትም፤ አሠራሩ ግን ከላይ ካለው ጋር አጥንቱ አንድ ነው። ልዩነቱ ሪአክተር ከጠፋም በኋላ መሞቁ ነው። መቆጣጠሪያ ዘንጎቹ በሰከንዶች ውስጥ ገብተው የአቶሞቹን መሰንጠቅ ያቆሙታል። የተሰነጠቁት አቶሞች ቅሪት የሚሰጠው ሙቀት ግን ወዲያው ከሙሉ ኃይሉ 6 ወይም 7 በመቶ ነው፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ከ1 እስከ 1.5፣ ከአንድ ቀን በኋላ ግማሽ በመቶ ገደማ። 3,000 ሜጋ ዋት ሙቀት ለሚያወጣ ሪአክተር ግማሽ በመቶው 15 ሜጋ ዋት ነው፤ የጢስ ዓባይ ቁጥር 1 ማመንጫ ሦስቱም ተርባይኖች ተደምረው ከሚሰጡት 11.4 ይበልጣል። ይህን በማፍላት ብቻ ለማውጣት በሰዓት 20 ሺህ ሊትር ያህል ውኃ ያስፈልጋል፤ በየሰዓቱ ሁለት ሙሉ ቦቴ።

ስለዚህ የሥራው ተራ ይህ ነው። ዘንጎቹ መግባታቸው ይረጋገጣል። የባትሪው ጭነት ወዲያው ይቀነሳል፤ የውኃ ከፍታና የግፊት መለኪያ እንዲሁም የቫልቭ መስመር ብቻ ይቀራል፣ ባትሪዎቹ ብዙ ጊዜ የተሠሩት ለአራት እስከ ስምንት ሰዓት ነውና። ውኃ በመጀመሪያ የሚገፋው ሪአክተሩ በራሱ እንፋሎት በሚያዞረው ፓምፕ ነው፤ በፉኩሺማ ቁጥር 2 መቆጣጠሪያ ኃይል እንኳ ሳይኖረው ሦስት ቀን ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ሠርቷል።

እሱ ከመቆሙ በፊት የእሳት አደጋ መኪና ፓምፕ ተገናኝቶ፣ ውኃው ተዘጋጅቶ፣ ቫልቮቹ ተከፍተው መጠበቅ አለባቸው። የመኪናው ፓምፕ የሚገፋው 10 ባር ገደማ ነው፤ ሪአክተሩ ውስጥ ያለው 70 ባር። ግፊቱ ሳይወርድ አንድ ጠብታ አይገባም። ግፊቱን አውርዶ ውኃ አለማዘጋጀት ደግሞ የባሰ ነው፤ ያለው ውኃ በእንፋሎት ይወጣና ነዳጁ ይራቆታል። ወደ 1,200 ዲግሪ ሲደርስ የነዳጅ ዘንጎቹ ሽፋን የሆነው ዚርኮኒየም የተባለ ብረት ከእንፋሎቱ ጋር ተቃጥሎ ሃይድሮጂን ያወጣል፤ የፉኩሺማን ሕንፃዎች ጣሪያ ያነሣው እሱ ነው።

ኃይል የጫኑ መኪኖችም ደርሰው ነበር። ቦርዶቹ ግን ረጥበዋል፤ ደህና የተገኘው ጥቂት፣ እሱም ቁጥር 2 ውስጥ። ሠራተኞቹ ከባዱን ገመድ በእጅ ጎትተው ባገናኙ በደቂቃዎች ውስጥ የቁጥር 1 ፍንዳታ ገመዱን በጣጠሰው። እዚያው አጠገብ ያለው ፉኩሺማ ዳይኒ የዳነው አንድ የውጭ መስመር ስለተረፈለትና ሠራተኞቹ 9 ኪሎ ሜትር ገመድ በአንድ ቀን ገደማ ስለዘረጉ ነው።

የውጭ ኃይል ሲደርስ እያንዳንዱ ሞተርና ቦርድ ለብቻው ሜገር ይደረጋል፣ ለብቻው ኃይል ያገኛል፣ የመዞሪያ አቅጣጫው ይታያል፤ የነዳጅ ማቆያ ገንዳዎቹም የውኃ ተራቸውን ያገኛሉ። እዚህም እዚያም ጄኔሬተሩ ወዲያው አይጠፋም። ጭነቱ ወደ መረቡ ከዞረ በኋላ አምስት ደቂቃ ባዶውን ይሩጥና ይቀዝቅዝ፤ ከዚያ መምረጫው ወደ «አውቶ» ይመለስ፣ ፊልተሩ ይቀየር፣ የጎደለው ናፍጣ በዚያው ቀን ይሞላ።